ሞተር ብስክሌትን የሠራው ማን ነው? ከአንድ ስም ጀርባ የቀሩት መሐንዲሶች

«ሞተር ብስክሌትን ማን ፈለሰፈው?» ተብሎ በጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ላይ ሲጠየቅ የሚጠበቀው መልስ አንድ ነው፤ ጀርመናዊው ጎትሊብ ዳይምለር፣ በ1885። መልሱ ሐሰት ነው አይባልም። ነገር ግን ስለ አንድ ቤት «ማን ሠራው?» ተብለን ስንጠየቅ ግንበኛውን፣ አናጢውንና ቆርቆሮ መቺውን ትተን ካርታው በስሙ የወጣለትን ሰው ብቻ እንደ መጥራት ያለ ጎደሎ መልስ ነው። እኛ በድምፁ «ዶቅዶቄ» ብለን የሰየምነው ይህ ተሽከርካሪ ከአንድ ሰው አእምሮ ተጠናቅቆ አልወጣም። በሁለት አህጉራት የሚኖሩ፣ አብዛኞቹም እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ በፈጀ ሙከራ ተራ በተራ የፈቷቸው ችግሮች ድምር ነው። ችግሮቹን ከፈቱት መካከል ብዙዎቹ ዛሬ ከሙያው ሰዎች በቀር የሚያውቃቸው የለም።

ይህ ማብራሪያ እነዚያን ችግሮች እያነሣ፣ እያንዳንዱ እንዴት እንደተፈታና የፈታው ማን እንደሆነ ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሞተር ብስክሌት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ነገሩ ብስክሌት ላይ የተጫነ ሞተር ነው፤ ስለዚህ ታሪኩ የሚጀምረው ከሞተሩ ሳይሆን ከብስክሌቱ ነው። በ1817 ካርል ፎን ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ሁለት ጎማዎችን በአንድ መስመር አሰልፎ በመካከላቸው ኮርቻ አኖረና፣ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ከማንሃይም ከተማ ወጥቶ ጋለበ። ሰው ሚዛኑን ጠብቆ በሁለት ጎማ መሄድ እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ። ፔዳል የተጨመረው በ1860ዎቹ በፈረንሳይ ሲሆን፣ ክብሩ በተለምዶ የሚሰጠው ፒየር ሚሾ ለተባለ የፓሪስ አንጥረኛ ነው። ይሁን እንጂ በ1866 በአሜሪካ ለባለፔዳል ብስክሌት ፓተንት ያወጣው ፒየር ላልማ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ሠራተኛ ነበር። ላልማ መብቱን ሸጠ፤ ሌሎች ከበሩበት፤ እርሱ ግን በ1891 በቦስተን ከተማ በ47 ዓመቱ ተረስቶ ሞተ።

ፓተንት የሚለው ቃል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ ትርጉሙን ከወዲሁ መያዝ ይጠቅማል። ፓተንት መንግሥት ለአንድ የፈጠራ ሥራ ባለመብት የሚሰጠው ሰነድ ነው፤ ሌላ ሰው ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ያንን ሥራ ለተወሰኑ ዓመታት ሠርቶ እንዳይሸጥ ይከለክላል። እንደ ቤት ካርታ ነው ማለት ይቻላል። ካርታው የይዞታውን ባለቤት እንጂ ጡቡን የደረደረውን ሰው አይናገርም፤ ፓተንትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው።

«የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት የቱ ነው?» የሚለው ክርክር እስካሁን ያልበረደው በአብዛኛው ከትርጉም የተነሣ ነው። በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ይቆጠራል? ባለሦስት እግርስ? እንዳይወድቅ በግራና በቀኝ ትናንሽ ደጋፊ ጎማዎች የተገጠሙለትስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የምንሰጠው መልስ ሲለያይ «የመጀመሪያው» የሚባለው ሰውም ይለያያል።

ከቤንዚን በፊት የሚሠራ ሞተር ብስክሌት ነበር?

ነበር፤ ከአንድም ሁለት። በፈረንሳይ ሉዊ ጊዮም ፔሮ የተባለ መሐንዲስ በ1869 ለእንፋሎት ብስክሌት ፓተንት አወጣ። በሚሾ የብስክሌት አካል ላይ በአልኮል የሚነድ ትንሽ ባለአንድ ሲሊንደር የእንፋሎት ሞተር ገጠመ፤ ኃይሉንም በቆዳ ቺንጋ ወደ ኋላ ጎማ አስተላለፈ። በተመሳሳይ ዓመታት፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ ሲልቬስተር ሮፐር የተባለ አሜሪካዊ በቦስተን አጠገብ በሮክስበሪ የራሱን ሠራ። የማን እንደቀደመ የታሪክ ጸሐፊዎች አልተስማሙም፤ ሁለቱም በ1867 እና በ1871 መካከል የሚወድቁ ናቸው።

የእንፋሎት ሞተር አሠራር ቀላል ነው። የፈላ ጀበና እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን እንደሚያነሣ ሁሉ፣ በተዘጋ ጋን ውስጥ የፈላ ውኃም እንፋሎቱ በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ተንሸራታች ብረት፣ ማለትም ፒስተኑን፣ እየገፋ ያመላልሰዋል። የፒስተኑን ምልልስ ወደ ጎማ ዙረት መለወጥ ደግሞ በእግር ከሚረገጠው የስፌት መኪና ጋር አንድ ነው፤ እግር ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፣ ዘንጉ ግን መንኮራኩሩን ያዞረዋል።

ሮፐር በ1823 በኒው ሃምፕሸር ግዛት የተወለደ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነበር። በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠርቷል፤ የስፌት መኪናና የአደን ጠመንጃ ማሻሻያዎችም አሉት። ለእንፋሎት ብስክሌቱ በከሰል የሚሠራ ምድጃና የፈላ ውኃ ጋን በሁለቱ ጎማዎች መካከል አንጠለጠለ፤ ከኮርቻው ጀርባ አጭር የጭስ ማውጫ አቆመ፤ ኮርቻውን ራሱን የውኃ ማጠራቀሚያ አደረገው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን መሪው ነው። ጋላቢው መሪውን ወደ ፊት ሲጠመዝዘው እንፋሎቱ ይለቀቃል፣ ወደ ኋላ ሲጠመዝዘው ፍሬኑ የፊት ጎማውን ይይዛል። ዛሬ የትኛውም ሞተረኛ ነዳጅ የሚሰጠው የመሪውን እጀታ በማዞር ነው፤ ይህ ሐሳብ ከቤንዚን ሞተር ብስክሌት በፊት በሮክስበሪ ተሠርቶ ነበር።

ሮፐር ሥራውን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወም። ጁን 1 ቀን 1896 በ72 ዓመቱ አዲሱን የእንፋሎት ብስክሌቱን ይዞ በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ወደሚገኘው የቻርልስ ሪቨር የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ሄደ። አንዱን ማይል በ2 ደቂቃ ከ1.4 ሰከንድ ጨረሰ፤ ይህም በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያም እየጋለበ ሳለ ማሽኑ ሲንገዳገድ ታየ፤ ወደቀ፤ ሲደርሱለት ሞቶ ነበር። ምርመራው የልብ ድካም እንደገደለው ደመደመ።

የመጀመሪያው ማሽኑ ዕጣ ደግሞ የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። ኦስቲን የተባለ ሰው በሕዝብ ትርኢቶች እያዞረ በገንዘብ ያሳየው ስለነበር፣ ማሽኑ ለረጅም ጊዜ በሠሪው ሳይሆን በአሳዪው ስም ይጠራ ነበር።

እንፋሎቱ ከሠራ ቤንዚን ለምን አስፈለገ?

እንፋሎት ምድጃ፣ ማገዶና ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ ከመነሣት በፊትም እስኪፈላ መጠበቅ ግድ ነው። ከሰው እግር ሥር ቀልቶ የሚነድ እሳትና ተጨናንቆ የታመቀ እንፋሎት መኖሩም አደጋ ነው። የቤንዚን ሞተር ግን እሳቱን ከውጭ አያነድም፤ ነዳጁን እዚያው ሲሊንደር ውስጥ ያነደዋል። ለዚህም ነው «የውስጥ ቃጠሎ ሞተር» የሚባለው።

በ1876 ኒኮላውስ ኦቶ በጀርመን ዶይትስ ፋብሪካ የሠራው ሞተር በአራት ምት ይሠራል። ፒስተኑ መጀመሪያ ሲወርድ የነዳጅና የአየር ድብልቅ ይስባል፤ ሲወጣ ድብልቁን ያምቀዋል፤ ድብልቁ ሲቀጣጠል በኃይል ወደ ታች ይወረወራል፤ ተመልሶ ሲወጣ ጭሱን ያስወጣል። ሥራ የሚሠራው ከአራቱ በአንዱ ምት ብቻ ነው። የኦቶ ሞተር ለፋብሪካ ጥሩ ነበር፤ ለተሽከርካሪ ግን ከባድና ዘገምተኛ ሆነ። በደቂቃ ከ200 በማይበልጥ ዙር የሚዞር ግዙፍ ብረት ነበር።

እዚህ ላይ ሙቀጫን ማሰብ ይረዳል። አንድ ሰው በከባድ ዘነዘና በቀስታ እየወቀጠ፣ ሌላው በቀላል ዘነዘና ቶሎ ቶሎ እየወቀጠ ያንኑ እህል በእኩል ጊዜ ሊጨርሱ ይችላሉ። ሞተርም እንዲሁ ነው። ትንሽና ቀላል ሞተር በአንድ ምት የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ቢሆንም፣ በደቂቃ ብዙ ጊዜ ከዞረ የትልቁን ያህል ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ብስክሌት ሊሸከመው የሚችል ሞተር ለመሥራት ቁልፉ ፍጥነት ነበር፤ ፍጥነትን የሚከለክለው ደግሞ ማቀጣጠያው ነበር። የኦቶ ሞተር የሚቀጣጠለው ተንሸራታች በር እየተከፈተ ነበልባል ከውጭ ወደ ውስጥ ሲያስገባ ነው፤ ያ በር በደቂቃ በመቶዎች ለሚቆጠር ምት ሊደርስ አይችልም።

ታዲያ ይህን የፈታው ዳይምለር ነው?

ዳይምለር ብቻውን አይደለም። ከአጠገቡ ቪልሄልም ማይባኽ ነበር፤ የዚህን ሰው ታሪክ ትንሽ ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል።

ማይባኽ በ1846 በሃይልብሮን ተወለደ፤ ገና በ10 ዓመቱ እናትም አባትም አልነበሩትም። በሮይትሊንገን ከተማ ድሆችና ወላጅ አልባ ልጆች የሚማሩበትና ሙያ የሚለምዱበት የበጎ አድራጎት ተቋም ተቀበለው። እዚያም የሜካኒክ ሥራና ንድፍ ተማረ። በ1860ዎቹ አጋማሽ ዳይምለር የተቋሙን የማሽን ፋብሪካ ሊመራ ሲመጣ የልጁን ችሎታ አየ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዳይምለር በሄደበት ሁሉ ማይባኽ ይከተል ነበር። ዶይትስ ፋብሪካ ሲገቡ ዳይምለር የቴክኒክ ኃላፊ፣ ማይባኽ ዋና ንድፍ አውጪ ሆነ። የኦቶን ሞተር ለገበያ የሚሆን አድርጎ ያስተካከለው የማይባኽ እጅ ነው።

ዳይምለር በ1882 ከኦቶ ጋር ተጣልቶ ሲወጣ በካንሽታት፣ በቤቱ ግቢ ያለውን የአትክልት ማሳደጊያ መስታወት ቤት ወርክሾፕ አደረገው። ማይባኽም መጣ። ሁለቱ በምስጢር ስለሚሠሩ የግቢው አትክልተኛ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትሙ መስሎት ለፖሊስ እንደጠቆመ፣ ፖሊሶቹም ገብተው ከሞተር በቀር ምንም እንዳላገኙ ይተረካል።

የማቀጣጠሉን ችግር የፈቱት በጋለ ቱቦ ነበር። አንድ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን የብረት ቱቦ ከሲሊንደሩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከውጭ ትንሽ ነበልባል ቱቦውን አለማቋረጥ ያግለዋል። ፒስተኑ ድብልቁን ሲያምቀው ድብልቁ ወደ ጋለው ቱቦ ይገባና በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። የሚከፈትና የሚዘጋ በር ስለሌለ ሞተሩ ከቀድሞው በብዙ ዕጥፍ ቶሎ ሊዞር ቻለ። በ1885 የተሠራው ሞተር 264 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያለው፣ በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞርና ግማሽ የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነበር፤ ቁመናው ከመሬት ላይ ከሚቆም ትልቅ ሰዓት ጋር ስለሚመሳሰል «የቆመው ሰዓት» ተባለ።

ይህን ሞተር በእንጨት አካልና በእንጨት ጎማ ላይ ጫኑት። በጎንና በጎን ሁለት ትናንሽ ደጋፊ ጎማዎች አበጁለት። በኖቬምበር 1885 ከካንሽታት እስከ ኡንተርቱርክሃይም ድረስ ያለውን 3 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነበር። የጋለው ቱቦ ያለው ከጋላቢው በታች ስለሆነ ኮርቻው በጉዞ ላይ በእሳት ተያያዘ የሚል ወሬም ከዚያ ዘመን ተላልፎ ደርሶናል።

ፓተንቱ የወጣው በዳይምለር ስም ነው። ሐሳቡ፣ ገንዘቡና ድፍረቱ የዳይምለር ስለነበሩ ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም፤ ማይባኽም በውል የተቀጠረ ሠራተኛ ነበር። ነገር ግን ብረቱን ያሰበ፣ ንድፉን ያወጣና የሚሠራ ያደረገ ሰው ስሙ በሰነዱ ላይ አለመኖሩ፣ በሕዝብ ትውስታ ውስጥም እንዳይኖር አደረገው። ማይባኽ በኋላ ዘመናዊውን ረጪ ካርቡራተር (ምንነቱን ከታች እናያለን) እና የመጀመሪያውን መርሴዲስ መኪና ሠርቶ በፈረንሳይ «የንድፍ አውጪዎች ንጉሥ» እስከ መባል ቢደርስም፣ በሞተር ብስክሌት ታሪክ ውስጥ ስሙ አሁንም ከዳይምለር ቀጥሎ በቅንፍ ይጻፋል። ለእኔ ይህ ከሁሉ የሚበልጠው መዛባት ነው፤ ምክንያቱም የዚያን ማሽን የልብ ትርታ የሠራው እርሱ ነው።

በእንግሊዝስ ማንም አልሞከረም?

ኤድዋርድ በትለር ሞክሯል፤ እንዲያውም ንድፉን በ1884 በለንደን የብስክሌት ትርኢት ላይ አሳይቷል። ይህ የዳይምለርና የማይባኽ ማሽን መንገድ ላይ ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት ነው። ገንዘብ አግኝቶ ማሽኑን ማሠራት የቻለው ግን በ1888 ሲሆን፣ የሠራለትም በግሪኒች የሚገኝ የእሳት አደጋ መከላከያ ማሽን ፋብሪካ ነበር።

የበትለር «ፔትሮል ሳይክል» ባለሦስት እግር ነው። ሁለቱ ጎማዎች ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ነበሩ፤ ማለትም ባጃጅን ወደ ኋላ ብናዞረው የሚመስለውን ቅርጽ ይዞ ነበር። ጋላቢው በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ይቀመጣል። ሁለት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያ፣ በመዞሪያ ላይ እንዳይንሸራተት የፊት ጎማዎቹን በተለያየ ማዕዘን የሚያዞር መሪ ነበረው። ፍሬን አልነበረውም፤ ለማቆም ጋላቢው በእግሩ ዘንግ ሲረግጥ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሣና ክብደቱ በሁለት ትናንሽ ጎማዎች ላይ ያርፋል።

ዋናው ነገር ካርቡራተሩ ነው። ካርቡራተር ነዳጅን ከአየር ጋር የሚያደባልቅ ዕቃ ነው። ነዳጅ እንደ ፈሳሽ ቢገባ በደንብ አይነድም፤ እንደ ጉም መበተን አለበት። ልብስ ተኳሽ ውኃ በአፉ ይዞ በሸሚዙ ላይ «ፍፍፍ» ሲያደርግ የሚወጣው ያ ቀጭን ርጭት ማለት ነው። በተጨማሪም የነዳጁ መጠን ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ላይ መቆየት አለበት፤ ለዚህም በሽንት ቤት የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዳለው ተንሳፋፊ ኳስ ያለ ነገር ያስፈልጋል፤ ሲሞላ ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፍታል። በትለር ይህን በተንሳፋፊ የሚመገብ ካርቡራተር የተጠቀመው የማይባኽ ረጪ ካርቡራተር በ1893 ከመምጣቱ ዓመታት ቀድሞ ነው።

ታዲያ ለምን ተረሳ? ማሽኑ አቅቶት አይደለም፤ በሰዓት ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ያቆመው የእንግሊዝ ሕግ ነው። ለከባድ የእንፋሎት ጎታች ማሽኖች በ1865 የወጣውና በኋላ በከፊል የተሻሻለው ሕግ፣ ማንኛውም በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ በገጠር ከ4 ማይል፣ በከተማ ከ2 ማይል በሰዓት በላይ እንዳይሄድ ይከለክል ነበር፤ 2 ማይል ማለት 3.2 ኪሎ ሜትር ነው። በመጀመሪያ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው ከፊት እንዲሄድ ያዝዝ ስለነበር «የቀይ ባንዲራ ሕግ» ይባላል። ባንዲራው በ1878 ቢቀርም ከፊት ቀድሞ የሚራመድ ሰው ግዴታ ሆኖ ቀጠለ። ከእግረኛ የማይፈጥን ተሽከርካሪ የሚገዛ፣ ለዚያም ገንዘብ የሚያወጣ አልተገኘም። በትለር በ1890 ባለሥልጣናቱ በመንገድ ላይ እንዲሄድ ስለማይፈቅዱ ሥራውን መተዉን በጽሑፍ አስታወቀ። በ1896 ሕጉ ተሽሮ ፍጥነቱ ወደ 14 ማይል ከፍ አለ፤ በዚያው ዓመት በትለር ማሽኑን ለብረቱ ሲል ሰባብሮ ሸጦት ነበር።

ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው የማን ነው?

በሙኒክ የሂልደብራንድ ወንድማማቾች፣ ሃይንሪክና ቪልሄልም፣ ከአሎይስ ቮልፍሙለርና ሃንስ ጋይዘንሆፍ ከተባለ መካኒክ ጋር ሆነው በ1894 የሠሩት ነው። በብዛት ተመርቶ የተሸጠው የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት ይህ ሲሆን፣ ጀርመኖች ዛሬም የሚጠቀሙበት «ሞቶርራድ» የሚለው ስምም መጀመሪያ የተሰጠው ለእርሱ ነው። በማሽኑ ስም ውስጥ ሂልደብራንድና ቮልፍሙለር አሉ፤ ጋይዘንሆፍ የለም።

ሞተሩ 1,489 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ነበረው፤ ይህ የዛሬ መካከለኛ የቤት መኪና ሞተር ያህል ነው። ይሁን እንጂ የሚሰጠው ኃይል 2.5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም በደቂቃ 240 ዙር ብቻ ይዞር ነበር። የሙቀጫውን ምሳሌ እዚህ ላይ ማስታወስ ይቻላል፤ ከባድ ዘነዘና፣ ቀስተኛ ወቀጣ። ፒስተኖቹ እንደ ባቡር ሁሉ በረጃጅም ቤላዎች በቀጥታ ከኋላ ጎማ ጋር ተያይዘው ስለነበር፣ ፒስተኑ አንድ ሲመላለስ ጎማው አንድ ይዞራል። ማርሽ የለም፣ ካቴና የለም፣ ፍሪሲዮንም የለም። ለማስነሣት ጋላቢው እየገፋ ሮጦ ሞተሩ ሲነሣ መዝለል ነበረበት። ፒስተኑን ወደ ቦታው ለመመለስም በጎን የተዘረጉ ወፋፍራም የላስቲክ ጠፍሮች ያግዙት ነበር።

እንዲህም ሆኖ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር፤ ለዚህ ካበቁት ነገሮች አንዱ በአየር የሚነፋ ጎማ መጠቀሙ ነው። የአየር ጎማ ሲነሣ የሚጠራው ስም የጆን ደንሎፕ ነው፤ በ1888 ፓተንት አወጣለት። ይሁንና ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን ያንኑ ሐሳብ በ1845 ፓተንት አድርጎት ስለነበር የደንሎፕ ፓተንት ኋላ ላይ ተሽሯል። ቶምሰን የቀደመው ባለፔዳል ብስክሌት ገና ሳይኖር ስለሆነ በጊዜው የሚፈልገው ሰው አላገኘም።

የሙኒኩ ድርጅት ለመሥራት የሚያወጣው ወጪ ከሽያጩ በልጦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰረ።

ብልጭታው ከየት መጣ?

የጋለ ቱቦ ነፋስ ያጠፋዋል፣ ጋላቢው ከወደቀም ያቃጥለዋል። መፍትሔው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር፤ እዚህም ላይ አንድ ስም ሌላውን ሸፍኗል። ማርኪ ደ ዲዮን የተባለ ሀብታም ፈረንሳዊ በ1881 በፓሪስ ሱቅ ውስጥ አንዲት የአሻንጉሊት ባቡር ያያል፤ የሠሯትን ሁለት ሰዎች፣ ጆርጅ ቡቶንንና አማቹን ሻርል ትሬፓርዱን፣ ፈልጎ ይቀጥራቸዋል። ትሬፓርዱ የእንፋሎት ሰው ነበርና ወደ ቤንዚን መዞሩን ተቃውሞ በ1894 ሥራውን ተወ። ቡቶን ግን በ1895 በባትሪና በጥቅል ሽቦ የሚቀጣጠል፣ በደቂቃ ከ1,500 ዙር በላይ የሚዞር ቀላል ሞተር ሠራ። ከማይባኽ 600 ዙር ጋር ሲተያይ የሩቅ ዕድገት ነው። ይህን ሞተር የአውሮፓና የአሜሪካ ጀማሪ ፋብሪካዎች ገዙት ወይም ቀዱት፤ የሚታወቀው ግን በአብዛኛው በማርኪው ስም ነው።

ባትሪ ደግሞ ያልቃል። ቀጣዩ እርምጃ ከሞተሩ ዙረት ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማግኔቶ ሆነ፤ ጎማ ሲዞር መብራቱን የሚያበራው የብስክሌት ዲናሞ ዘመድ ነው። በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራውንና ብልጭታውን ከሚሰጠው ካንዴላ ጋር የተጣመረውን ማግኔቶ በ1902 የሠራው ጎትሎብ ሆኖልድ ነው፤ የሮበርት ቦሽ ሠራተኛ ነበር። ሰው ሁሉ ዕቃውን «ቦሽ» እያለ ጠራው፤ የሆኖልድ ስም በፋብሪካው ግድግዳ ውስጥ ቀረ።

(ካንዴላ፣ ቤላ፣ ካቴና፣ ቺንጋ፤ የጋራዥ አማርኛችን እነዚህን ቃላት የወሰደው ከጣሊያንኛ ነው። ዕቃዎቹን የሠሩት ግን በአብዛኛው ጀርመኖች፣ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ናቸው።)

ሞተሩ ከጋላቢው አንጻር የት ይቀመጥ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ለመፍታት ግን ብዙ ዓመታት ወስዷል። ሞተር በብስክሌት ላይ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው፤ የተቀመጠበት ቦታ ሚዛንን ይወስናል። ፌሊክስ ሚዬ የተባለ ፈረንሳዊ ባለአምስት ሲሊንደር ሞተር በኋላ ጎማው ውስጥ አስገባ። በፓሪስ የሚኖሩት የሩሲያ ተወላጅ ወንድማማቾች ሚሼልና ዩጂን ቨርነር ደግሞ በ1897 ሞተሩን ከፊት ጎማ በላይ አስቀመጡትና ማሽኑን «ሞቶሲክሌት» አሉት። ክብደቱ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ተጭኖ ስለነበር በእርጥብ መንገድ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተት ነበር፤ የጋላቢዎቹ ምሬትም በዛ።

በ1901 ወንድማማቾቹ ሞተሩን ወደ ታች አወረዱት፤ ቀድሞ ፔዳሉ ከነበረበት፣ ከሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ የብስክሌቱ አካል አንድ ክፍል አድርገው አስቀመጡት። ክብደቱ ለመሬት ቀረበ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከልም ተመዘነ። ዛሬ ከመንገድ ዳር የቆመ የትኛውንም ሞተር ብስክሌት ብናይ ሞተሩ ያለው እዚያው ነው።

ስማቸው ለምን ጠፋ?

አንደኛው ምክንያት ከላይ እንደታየው ፓተንትና የድርጅት ስም ነው። የተቀጠረ ሰው የሚፈጥረው የቀጣሪው ነው፤ ማይባኽ፣ ሆኖልድና ጋይዘንሆፍ በዚህ ተሸፈኑ። በእንግሊዝ ባዝ ከተማ ጆሴፍ ዴይ በ1891 ፓተንት ያደረገው ባለሁለት ምት ሞተር ሌላው ምስክር ነው። ይህ ሞተር በአራት ምት የሚሠራውን ሥራ በሁለት ይጨርሳል፤ ዋጋውም ይረክሳል፤ ቬስፓን ጨምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሞተር ብስክሌቶች የተጓዙበት ነው። ቫልቭን አስቀርቶ ፒስተኑ ራሱ ቀዳዳዎቹን እየከፈተ እየዘጋ እንዲሠራ ያደረገው ግን የዴይ ሠራተኛ ፍሬድሪክ ኮክ ነበር። ዴይ ራሱም በኋላ በኪሳራ ተጎድቶ የሚያስታውሰው ጠፋ፤ ኮክማ ከሠሪዎቹ ውስጥ እንኳ ብዙዎች አይሰሙትም።

ሁለተኛው ምክንያት ድርጅት አለመኖሩ ነው። የዳይምለር ድርጅት ኖሯል፣ አድጓል፣ የመሥራቹን ስም በየዓመቱ ያነሣል። ሮፐር፣ ፔሮና በትለር ስማቸውን የሚያነሣ ፋብሪካ አልተዉም። የሮፐር ስም በአሜሪካ የሞተር ብስክሌት የክብር መዝገብ ውስጥ የሰፈረው በ2002 ነው፤ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ።

ማሽኖቹ ዛሬ የት ናቸው?

የ1885ቱ የዳይምለርና የማይባኽ ማሽን በ1903 በካንሽታት ፋብሪካ በደረሰ ቃጠሎ ጠፍቷል፤ በየሙዚየሙ የሚታዩት ከፓተንቱ ሥዕሎች ተነሥተው የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። የበትለር ፔትሮል ሳይክልም ቀልጧል። የተረፉት ከእነርሱ የሚቀድሙት ሁለቱ የእንፋሎት ማሽኖች ናቸው። የፔሮ በፓሪስ አጠገብ በሶ ሙዚየም፣ የሮፐር ደግሞ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም ስብስብ ውስጥ፣ ያ የሚጠመዘዝ መሪው እንዳለ ሆኖ ይገኛል።